«ለጥምቀት እከፍልሻለሁ»

ከጎንደር የደረሰን ደብዳቤ፣ በኅዳር 20 የተጻፈ፣ ትንሽ አሳጥረነዋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ማራኪ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቤቴ ውስጥ በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገርኩ መሸጥ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መብራት ካልጠፋ በቀን 100 እንጀራ አወጣለሁ። አንዱን በ25 ብር እሸጣለሁ። ጤፉን፣ ወፍጮውን፣ መብራቱንና የምታግዘኝን ልጅ ደሞዝ ሳሰላ ካንዱ 4 ብር ገደማ ይተርፈኛል። ደንበኛ አላጣሁም፤ ያጣሁት ገንዘቡን ነው። ፒያሳ ያለ አንድ ምግብ ቤት በቀን 40 እንጀራ ይወስዳል። 17,500 ብር አለበት። ስጠይቀው ‹ጾም ነው፣ ገበያ የለም፣ ለጥምቀት እከፍልሻለሁ› ይለኛል። አበልጄ 3,200 ብር አለባት። ከዚህ ውስጥ 1,500ው ልጇ ሲታመም በጥሬው ያበደርኳት ነው። ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 2,400 ብር፣ ጎረቤቶች ተደምረው 1,900 ብር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጤፍ ነጋዴዬ ‹የድሮውን 14,000 ብር ካልከፈልሽ አዲስ ጤፍ አልሰጥሽም› አለኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው። ባለቤቴ ‹ተይው፣ ለሰው ቀላቢ ሆነሻል› ይለኛል። እኔ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ከአበልጄ ጋር መጣላትም አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኳት ስለ ጤፍ ነጋዴው የጻፍሻትን ነው። «ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው» ትያለሽ። ሰውዬው ምን አደረገ? አልጮኸም። ስምሽን በሰፈር አላነሳም። ሽማግሌም አልላከም። የድሮው ሳይዘጋ አዲስ የለም አለ፣ በቃ። አንቺም ትንሽ ተከፋሽ እንጂ አልጠላሽውም። እንዲያውም እጅሽ ላይ ገንዘብ ቢገባ መጀመሪያ የምትከፍዪው ለእሱ ነው፤ አይደለም? ሌላም ዕዳ ሊኖርብሽ ይችላል፤ ግን ሌሊት የሚታወስሽ የእሱ ነው።

ያንቺ ደንበኞች ይህንን ካንቺ ሰምተው አያውቁም። ምግብ ቤቱ ትናንት 40 ወሰደ፣ አልከፈለም። ዛሬ ጠዋትም 40ውን ተሸክመሽ በሩ ላይ ደረስሽ። ሰውዬው የግድ ክፉ መሆን የለበትም። የሚጠይቀው የሥጋ ነጋዴ አለ፣ የዘይት ነጋዴ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። እነሱ ካልተከፈላቸው ያቆማሉ። አንቺ አታቆሚም። ስለዚህ ከተከፋዮቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ የተሰለፍሽው አንቺ ነሽ።

እስኪ ሂሳቡን እናስላው። ይሉኝታን በምክር ማሸነፍ ከባድ ነው፤ ቁጥር ግን ያግዛል። አንድ እንጀራ ሳይከፈልሽ ሲቀር የጠፋብሽ 4 ብር ይመስልሻል። የጠፋው 21 ብር ነው። ጤፉም፣ መብራቱም፣ የልጅቷ ደሞዝም ካንቺ ኪስ ወጥቷል። ያንን 21 ብር ለመመለስ ከአምስት በላይ እንጀራ ጋግረሽ፣ ሸጠሽ፣ ገንዘቡን እጅሽ ማስገባት አለብሽ። አሁን ወደ ጠቅላላው እንምጣ። ለአበልጅሽ ያበደርሻትን ጥሬ ገንዘብ እንተወውና በእንጀራ ብቻ ያልተከፈለሽ ውዝፍ 23,500 ብር ነው። ያ 940 እንጀራ ነው። ወጪው ብቻ 19,740 ብር ወጥቶበታል። ይህንን በ4 ብር ትርፍ ለመሙላት ወደ 4,900 እንጀራ ትጋግሪያለሽ። በቀን 100 ብትዪ ከ49 ቀን በላይ ምጣድ ፊት ቆመሽ ለቤትሽ አንዲት ሳንቲም አታስገቢም ማለት ነው። «ኧረ ትንሽ ገንዘብ ናት» የሚልሽ ሰው ካለ ይህንን አሳዪው።

ወደ ምግብ ቤቱ እንሂድ፤ ትልቁ እሱ ነው። «ጾም ነው፣ ገበያ የለም» ይላል አልሽ። ሥጋው ይቀንሳል እንበል። በየዓይነቱ በምን ላይ ነው የሚቀርበው? እንጀራ በጾምም በፍስክም ይበላል። ገበያ ጠፍቶበት ቢሆን ኖሮ 40ው ወደ 25 ይወርድ ነበር። በየቀኑ 40 እየወሰደ ከሆነ ተበልቷል፤ ተበልቶም ተከፍሎበታል።

ይህን ስል ችግሩን አቃልዬ አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በነበረው ግጭት ጎንደር እንግዳ እንደራቃት ሁላችንም እናውቃለን። ግንቡን ሊያይ የሚመጣው ሰው ሲቀንስ አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ ባለ ባጃጁ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ ተጎድቷል። ሰውዬው እውነት ቸግሮት ሊሆን ይችላል። ግን የቸገረው ሰው ወጪውን ይቀንሳል ወይም ተበዳሪነቱን አምኖ ቀን ይቆርጣል። የእሱን ችግር የምትሸፍኚው አንቺ፣ ያውም በዱቤ ባመጣሽው ጤፍ መሆንሽ ነው የማይገባው።

ደግሞ «ለጥምቀት» የሚለው ነገር። ጥምቀት በጎንደር የገበያ ወቅት ነው፣ ያንን አልክድም። ከገና ጀምሮ እስከ ጥር አጋማሽ ከተማው ይሞላል፤ ከዚያ ሰርጉ ይቀጥላል። ገንዘብ ይገባዋል። ግን ደብዳቤውን ከጻፍሽበት ቀን እስከ ጥር 11 ድረስ 51 ቀን ነው። በየቀኑ 40 ከወሰደ ሌላ 51,000 ብር ይጨመራል። ከድሮው ጋር 68,500 ይሆናል። አሁን 17,500 መክፈል ያቃተው ሰው በአንድ በዓል 68,500 ቆጥሮ ይሰጠኛል ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ አላምንም። አንቺም እስከዚያ ጤፍ የምትገዢበት አይኖርሽም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስተካክዪ። መጀመሪያ ዕዳው እንዳያድግ አቁሚው። የድሮውን መሰብሰብ ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ የድሮውን እየለመነ አዲሱን ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ ደንበኛው መቼም አይጨንቀውም።

ሄደሽ አነጋግሪው። ለአስተናጋጇ ወይም ለሂሳብ ተቀባዩ መልእክት አትተዪ፤ ባለቤቱን ራሱን አግኚው። ምሳ ሰዓት ላይ አትሂጂ፤ 9 ሰዓት ገደማ ቤቱ ሲረጋ ይሻላል። ደንበኛ ፊት አትጠይቂው። ከመሄድሽ በፊት በየትኛው ቀን ስንት እንደወሰደ በወረቀት ጻፊ። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ጋሼ፣ እስከ ትናንት 17,500 ደርሷል። ይኸው በየቀኑ ተጽፏል፣ ይዩት። እኔም ጤፍ በዱቤ ነው የማመጣው፣ ነጋዴው አቁሞብኛል። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ እንጀራውን ሲረከቡ በእጅ ይክፈሉኝ። የድሮውን በየቀኑ 500 እየጨመሩ ይዝጉልኝ።»

ይህን ካልሽ በኋላ ዝም በዪ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው። ዝምታው ሲከብደን «ካልተመቸዎት ግን ችግር የለም» እንላለን። ያቺን አረፍተ ነገር ዋጫት። «ስላስቸገርኩ ይቅርታ»ም አያስፈልግም። አላስቸገርሽም፤ የሸጥሽውን ነው የጠየቅሽው።

በየቀኑ 1,000 ለአዲሱ፣ 500 ለድሮው ቢከፍል 17,500ው በ35 ቀን ያልቃል። ታኅሣሥ 1 ከተጀመረ ጥር 5 ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ከጥምቀት በፊት! «ለጥምቀት እከፍልሻለሁ» ያለውን ቃል ራሱ እንዲያከብር ነው የረዳሽው። ይህንንም ሳቅ ብለሽ ልትነግሪው ትችያለሽ። 500 በዛብኝ ካለ 300 ይሁን፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ችግር የለውም። የአዲሱ የዕለት ክፍያ ላይ ግን አትደራደሪ።

«እንግዲያው ሌላ ጋጋሪ አለ» ቢልሽስ? ይህ ነው የሚያስፈራሽ፣ ገብቶኛል። የ40 እንጀራ ደንበኛ ቢሄድ የምታጪው የቀን ትርፍ 160 ብር ነው። ያውም በወረቀት ላይ ያለ 160 ብር እንጂ እጅሽ ገብቶ አያውቅም። በሱ ምትክ በየቀኑ ከኪስሽ የሚወጣው 840 ብር ይቆማል። ስለዚህ ይሂድ። 60 እንጀራ ለሚከፍል ሰው መጋገር 100 ለማይከፍል ከመጋገር ይሻላል። ከተማው ውስጥ ቁርሱን ፍርፍር የሚሸጥ ትንሽ ቤት ሞልቷል፤ 10 የሚወስድ አራት ቤት 40 ከሚወስድ አንድ ቤት ይሻልሻል። አንዱ ቢዘገይ ሦስቱ አሉ። በነገራችን ላይ አብዛኛዎቹ አይሄዱም። ጥሩ እንጀራ በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ማግኘት እነሱም እንደሚቸገሩበት አትርሺ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅሽ። 17,500 የሚለው ቁጥር የት ነው የተጻፈው? በደብዳቤሽ ላይ ስለ ደብተር አንድም ቃል የለም። በጭንቅላትሽ ይዘሽው ከሆነ ወይም በካላንደር ጠርዝ ላይ እየጫርሽ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ። በካርቦን የሚባዛ ደብተር ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ግዢ። ቀኑን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውን ጽፈሽ የተረከበው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርም። አንዱ ቅጠል ለእነሱ፣ አንዱ ላንቺ። «አታምኚኝም እንዴ?» የሚል ካለ «የኔን ስህተት ነው የምፈራው» በዪው፤ ነገሩ ይበርዳል። የሚፈርመው በየቀኑ የሚቀያየር ሠራተኛ ቢሆንም በየሳምንቱ ቅዳሜ ባለቤቱ ድምሩ ላይ ይፈርም። ያቺ የቅዳሜ ፊርማ ከሁሉም ትበልጣለች።

ክፍያው በስልክ ከሆነ ደግሞ የሰውን ስልክ አትመልከቺ፣ ያንቺን ተመልከቺ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል፣ ማጭበርበሩም አብሮ መጥቷል። «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት የሚያሳይ አለ፤ ስክሪንሾት ግን ይቀነባበራል፣ ያለፈ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣልሽ ከ127 ነው። ከተራ የሞባይል ቁጥር «ገንዘብ ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ከደረሰሽ እሱ ማጭበርበር ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም በ*127# ገብተሽ ቀሪ ሂሳብሽን ታያለሽ፤ የንግድ ባንኩ ደግሞ *889# ነው። ገንዘቡ ሲገባ ነው እንጀራው የሚወጣው።

አሁን ወደ አበልጅሽ። ደብዳቤሽ ላይ በገንዘብ ከምግብ ቤቱ ታንሳለች፤ በጭንቀት ግን ትበልጣለች። አበልጅ ማለት በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም። የክርስትና ልጅ መሐላችሁ አለ። ለእሷ የምግብ ቤቱን ንግግር ይዘሽ አትሄጂም።

መጀመሪያ ሁለቱን ዕዳዎች ለያዪ። 1,500ው የታመመ ልጅ ገንዘብ ነው። 1,700ው የእንጀራ ነው። በልብሽ ሁለቱን ቀላቅለሽ ይዘሻቸዋል፤ ለዚህ ነው አንዱንም መጠየቅ ያልቻልሽው። «እንጀራዬን ክፈዪኝ» ልትዪ ስትነሺ የልጁ ሕመም ትዝ ይልሽና ትተዪዋለሽ።

ስለ 1,500ው ራስሽን ጠይቂ፤ ልትተዪው ትችያለሽ? ከቻልሽ ተዪው፣ ግን በአፍሽ ተናግረሽ ተዪው። በልብሽ ይቅር ብለሽ በልብሽ ደግሞ እየቆጠርሽ መኖር ሁለታችሁንም ይጎዳል። እሷ እንደተተወላት አታውቅም፤ ባየችሽ ቁጥር ትሸማቀቃለች፤ ቡና መምጣት ትተዋለች። አንቺም «ቀረች፣ ራቀችኝ» ትያለሽ። ብዙ ወዳጅነት በገንዘቡ ሳይሆን በዚህ መተፋፈር ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ቤቷ ሂጂ። ሌላ ሰው በሌለበት። ለቡና የተሰበሰቡ ጎረቤቶች ካሉ ሌላ ቀን ተመለሺ። «እህቴ፣ ያ የሕክምናው ገንዘብ ለልጄ ነው፤ ከሂሳብ አውጥቼዋለሁ፣ ድጋሚ እንዳታነሺው። የእንጀራው 1,700 ግን የሥራዬ ነው፤ ጤፍ ነጋዴው ይዞኛል። በሳምንት 100፣ 100 ብትሰጪኝ ያግዘኛል» በያት። 17 ሳምንት ይወስዳል። ይውሰድ።

1,500ውን መተው የማትችዪ ከሆነም አያሳፍርም፤ አንቺም ባለ ዕዳ ነሽ። ግን ጥሬ ብድር መሆኑን አትርሺ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ ያኔ 500 ብር ምን ያህል ገንዘብ እንደነበር አስቢው። ዛሬ ግን አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝተሽ ስትመለሺ የምታልፊው ቁጥር ነው። አበልጅሽን ትከሻለሽ ብዬ አይደለም፤ ወደፊት ለማንም ጥሬ ገንዘብ ስታበድሪ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይኑር ለማለት ነው።

ከባድ ኑሮ ላይ ከሆነች ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ጤፍ ማበጠር፣ ሊጥ ማቡካት፣ ጠዋት እንጀራ ማድረስ፣ ሥራ አታጪም። እሷ ራሷ «ላግዝሽና ይቀነስልኝ» ካለች በደስታ ተቀበዪ፤ የቀኑን ሂሳብም በግልጽ ተነጋገሩ። አንቺ ግን አታንሺው። ካንቺ አፍ ሲወጣ አበልጅሽን ሠራተኛ ያደረግሻት ይመስላል።

እምቢ ብትል ወይም ብትቆጣስ? ያኔ ለሁለታችሁም የሚቀርብ አንድ ሽማግሌ፣ ወይም የነፍስ አባት፣ ለብቻ ያነጋግራት። በማኅበር ወይም በሰንበቴ ላይ ሰው በተሰበሰበበት አይነሳ። ለእሷም ከዚያ በኋላ እንጀራ በእጅ ነው። «አበልጅ ስለሆንሽ» ብለሽ አንድ ሁለት እንጀራ ጨምረሽ ስጪያት፤ ያ ስጦታ ነው፣ ከደብተር አይገባም። ስጦታው ስጦታ፣ ሽያጩ ሽያጭ ይሁን።

ተማሪዎቹን በአጭሩ። ነን ካፌ፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይመገቡ፣ ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ወር ላይ የምግብ ገንዘባቸው እጃቸው ሲገባ ነው የሚያዙት። የወሩን አጋማሽ ጠብቀሽ ብትጠይቂ አታገኚም። ገንዘብ የሚያገኙበትን ቀን ጠይቂና በዚያው ቀን በራቸው ላይ ተገኚ። ከዚያ በኋላ በኮንትራት አድርጊላቸው፦ የወሩን 30 እንጀራ አስቀድመው ይክፈሉ፣ አንቺ በየቀኑ ምልክት እያደረግሽ ስጪ። አስቀድሞ ለከፈለ አንድ ሁለት እንጀራ ብትመርቂ ደስ ይላቸዋል። ከመካከላቸው ዘንድሮ የሚመረቅ ካለ ግን ተጠንቀቂ። ከመውጫ ፈተና በኋላ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ከሄደ 800 ብር ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወይም ጅማ አትሄጂም። ለተመራቂ ዱቤ ከግንቦት ጀምሮ ቢቆም ጥሩ ነው።

ጎረቤቶች ጋር ብዙ አልከራከርም። 1,900 ተደምሮ ነው፤ ለየብቻው 200፣ 300 ነው። አብዛኛው ሰው ረስቶት ነው። ስማቸውን ጽፈሽ በየቤቱ «እስከ ዛሬ ያለብሽ ይህ ነው፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» በዪ። ቅዳሜ ሂጂ። ካልሄድሽ በሚቀጥለው ጊዜ ቃልሽን ማንም አይሰማም። በርሽ ላይም አንድ ማስታወቂያ ለጥፊ፣ «ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ በእጅ ብቻ» የሚል። ሱቆች ላይ የምናየው «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚለው ቀልድ ያስቃል፤ ላንቺ ግን ቀልድ የሌለበት ይሻላል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ሲሆን ማንም «ለኔ ብቻ ነው የከፋችብኝ» አይልም።

ስለ ፍርድ ቤት አልጠየቅሽኝም፤ ግን መንገዱን ብታውቂ አይጎዳሽም። ለግል ፍጆታ ለሰው ያቀረብሽው ዕቃ ዋጋ መከፈል ከነበረበት ቀን ሁለት ዓመት ካለፈው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2024 እንደተከፈለ ይገምተዋል። «አይ፣ አልተከፈለኝም» ብለሽ መከራከር ያኔ በጣም ከባድ ነው። ይሉኝታሽ ሁለት ዓመት ከጠበቀ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መብቱንም ይዞብሽ ይሄዳል። በየጊዜው ያመኑበትን ጽሑፍ መያዝ ለዚህም ይጠቅማል። ምግብ ቤቱ ፈርሞ ካልከፈለ መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጪው፤ ቀን ያለበት፣ ቅጂውን ያስቀረሽው። ከዚያ ሽማግሌ። ከዚያ ወደ ቀበሌሽ ሄደሽ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ የሚያየው የገንዘብ መጠን እስከ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ለ17,500 ብር ይህን ሁሉ መንከራተት ያዋጣል ወይ? የተፈረመበት ወረቀት ካለሽ ያዋጣል። ከሌለሽ ግን ጊዜሽን ምጣድሽ ላይ ብታጠፊው ይሻላል፤ ለዚህ ነው ደብተሩን አጥብቄ የያዝኩት።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም አታድርጊ። አንደኛ፣ የማንንም ስም ወይም ፎቶ «ከፋይ ያልሆነ ሌባ» ብለሽ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ። ስም ማጥፋት ተብሎ አንቺው ተከሳሽ ትሆኛለሽ፤ ባለ ዕዳው ደግሞ ተበዳይ ሆኖ ያርፋል። ሁለተኛ፣ በገንዘቤ ምትክ ብለሽ ከማንም ቤት ዕቃ አታንሺ። ወንድምሽ ወይም ባልሽ ተናድደው ሊሄዱ ቢሉም አስቀሪያቸው።

ስለ ማፈር አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ይሉሽን ብትሰሚ ገበያ ባልወጣሽ» የሚሉት እናቶቻችን ገበያ ወጥተው ነው ያሳደጉን። እነሱም ያፍሩ ነበር። ስትጠይቂ ፊትሽ ቢቀላም ጠይቂ፤ ፊት ሲቀላ ድምፅ አይጠፋም።

ጤፍ ነጋዴውን ደግሞ እሱ እስኪጠራሽ አትጠብቂ። ነገ ሂጂ። ያለሽን፣ 2,000 ከሆነም 2,000፣ ይዘሽ ሂጂ። «የቀረውን እየሰበሰብኩ ነው፣ በየሳምንቱ ይህን ያህል አመጣለሁ» በዪው። ከምግብ ቤቱ የሚገባውን 500 ለብቻ አስቀምጪ፤ በቀጥታ ወደ እሱ ይሂድ። በ28 ቀን 14,000ው ይዘጋል። እስከዚያ አዲሱን ጤፍ በጥሬ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ ግዢ፤ በእጅ ለሚከፍሉ ደንበኞች የሚበቃ ይኑርሽ። ከሰበሰብሽው ላይ ለልጆች ጫማ ወይም ለበዓል ልብስ ነካ የማድረግ ፈተና ይመጣል። ለአንድ ወር ታገሺ።

ባለቤትሽም ተሳስቷል ብዬ አልደመድምም። እሱ የሚያየው ሚስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ እንፋሎትና ሙቀት ፊት ስትቆም፣ ማታ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር ነው። እኔም ብሆን «ተይው» እል ነበር። ግን ያከሰራችሁ እንጀራው ነው ወይስ ዱቤው? ይህን ሂሳብ አብራችሁ ተቀመጡና ሥሩት፤ 4 ብሩን፣ 21 ብሩን፣ 49 ቀኑን። ምግብ ቤቱ ጋም ብቻሽን ከምትሄጂ ቢመቸው አብሮሽ ይሂድ፤ ንግግሩን ግን አንቺ አድርጊው፣ ሥራው ያንቺ ነውና። እስከ ጥር 5 ድረስ አይታችሁት የድሮው ዕዳ እየቀነሰ ካልሄደ ያኔ ስለ ማቆም አብራችሁ ተነጋገሩ።